እጅ የሚሸፍነው ሳቅ

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 1973

ነፋስ። አቧራው የቢሮውን መስኮት ሲደበድብ ዋለ። ጠዋት ስለ ወለንጪቲ ገበሬዎች ምርት ዜና ጽፌ በስልክ ለአዲስ አበባ አስተላለፍኩ። መስመሩ እየተቋረጠ አስቸገረ። «ኩንታል» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ስጮህ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ለእሑድ ገጽ የምተረጉመውን የእንግሊዝኛ ታሪክ ያዝኩ። የሠርግ ቤት ታሪክ ነው። ዘመናይ ትተይባለች። ቢሮው ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን፤ እኔ ዘጋቢ፣ እሷ ታይፒስት። የጽሕፈት መኪናው ድንገት ዝም አለ።

«ጋሼ አሳምነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«እዚህ ሠርግ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሳቁ አንድ ዓይነት ነው? ሙሽራው ሳቀ፣ አማቲቱ ሳቀች፣ ሰካራሙ ሳቀ፣ ቄሱም ሳቁ... ጣቴ ራሱ ሰለቸው።»

እንግሊዝኛውን መለስ ብዬ አየሁ። አፈርኩ። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቃል ሰጥቶታል። እኔ ሁሉንም «ሳቀ» ብዬ አልፌዋለሁ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። እሱም «ሳቀ»፣ «ሳቀ»፣ እንደገና «ሳቀ»። ቢያንስ ብቻዬን አይደለሁም።

ይህን ስነግራት ሳቀች። እንደ ልማዷ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከሥራ መልስ ሚስተር ማታይ ዘንድ ጎራ አልኩ። ጎረቤቴ ነው። ህንዳዊ፣ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር። ወደ ናዝሬት ከመዛወሩ በፊት ብዙ ዓመት ወንጂ አስተምሯል። አማርኛን ከተማሪዎች ስለለመደ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል።

ቃላቱን ዘረዘርኩለት። «ኦ! ይሄ በወሬ አይሆንም» ብሎ ተነሣ። በረንዳው ላይ ቆሞ አሳየኝ... ያ ኮስታራ ሽማግሌ!

ቻክል። አፍ ተዘግቶ፣ ደረት ብቻ ይነቃነቃል። «ሰው ብቻውን ጋዜጣ ሲያነብ» አለኝ። (የእኛን ጋዜጣ አንብቦ የሚስቅ እስካሁን አልገጠመኝም።) ጊግል። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ በቃ ቢሉት የማይበቃው። «የኋላ ወንበር ልጆች።» ገፎ ላይ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጭኑን ሲመታ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ካክል ደግሞ እንቁላል የጣለች ዶሮ ናት። ይሄን እኛም አለን፤ አሽካካች እንላለን፣ ለዶሮም ለሰውም።

ስኒገር ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። አፉን በእጁ ሸፈነ፣ ወደ ጎን እያየ በአፍንጫው ሳቀ። ደስ አይልም። «ይሄ መጥፎ ነው። ሰው ሲወድቅ የተደሰተ ሰው ሳቅ።»

ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ሸዋወርቅ «ምን ሆነሃል?» አለች። ምን ልበላት? ዕድሜዬን ሙሉ ሳቅ እንደ ዝናብ ድምፅ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደ ወፍ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ጉሮሮ አለው። በአንድ ሽማግሌ ደረት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጆሮዬን ከፍቼ ከተማውን ዞርኩ። ገበያ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ባቡር ጣቢያ። ከት ከት የሚል አለ። የሚንከተከት አለ። በሳቅ ፍርስ የሚል፣ የሚፍለቀለቅ፣ ጥርሱን የሚገለፍጥ፣ ተሰብስቦ የሚያውካካ... የጠፋ ቃል የለም። ሁሉም እዚሁ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ከጣቢያው በሀሰን ጋሪ ተመለስኩ። የሰፈራችን ጋሪ ነጂ ነው። አለንጋ የለውም። ስቀመጥ ልጓሙን ላላ አደረገና «ቦራ፣ ወደፊት!» አለ። ፈረሱ ተነሣ።

«ምን አልከው?»

«ወደፊት ነዋ! አለንጋ ድሮ ቀረ ጋሼ። ወደፊት ካልተባለ ንቅንቅ አይልም። አስተምሬው ነው።»

«ጓዶቹ ሰምተውሃል?»

«በእኔና በፈረሴ መሃል ማን ይገባል?»

ሳቀ። እንደ ነጎድጓድ ነው የሚስቀው። ገፎ ማለት እሱ ነው። ፈረሱ ጆሮውን አላወዛወዘም፤ ለምዶታል።

እሑድ፣ ጥር 24

በተርታ ልጻፈው።

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ድሮ የነጋዴ እህል መጋዘን የነበረው ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ስም ዝርዝር የሚነበብብን እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገባ ድምፁን ደጅ ጥሎ ይገባል። እዚያ ውስጥ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ሳልም እንኳ ታፍኖ ነው።

አዲስ ካድሬ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ጓድ ኃይለየሱስ። ልጅ እግር ነው፤ የመጀመሪያ ስብሰባው። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ዘመናይ ከጎኔ፤ የምትኖረው እዚሁ ቀበሌ ቤት ተከራይታ ነው።

ካድሬው መፈክር አሰማ። ግራ እጃችንን አንሥተን «ወደፊት!» አልን። ጣሪያው ተነቃነቀ። ከዚያ ወዲያው ለተሰዉት የኅሊና ጸሎት። ጭጭ።

በመስኮቱ ውጭ ቦራ ቆሞ ነበር። ወደፊት ሲባል ሰምቷል። ተነሣ።

ባዶውን ጋሪ እየጎተተ፣ በእርጋታ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ፈረስ በመስኮታችን አለፈ። ሀሰን ከፊታችን ረድፍ እጁን ጨብጦ ቆሟል። በኅሊና ጸሎት መሃል መንቀሳቀስ አይቻልም። ዓይኑ ብቻ ፈረሱን ከመስኮት መስኮት ይከተላል... ከንፈሬን ነከስኩ። ከጎኔ የዘመናይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇ ወደ አፏ ሄደ። አንድ ድምፅ አመለጣት። አንድ ብቻ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ትሪ እንደ ወደቀ ሆነ።

«ማነው?»

ማንም አልተነፈሰም።

«አንቺ! እጅሽን ከአፍሽ አውርጂ!»

አላወረደችም።

«በሰማዕታት ላይ ትስቂያለሽ? ንጹሕ ሳቅ አይደበቅም። የሚደበቅ ሳቅ የሹፈት ሳቅ ነው፣ የአድኃሪ ሳቅ! ምንድን ነው ያሳቀሽ?»

ሀሰንን አንድ ጊዜ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኗን ወደ መሬት መለሰችና ዝም አለች። አብዮት ጠባቂዎቹ ወሰዷት።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፤ «አንተ» ይለኛል። ዘመኑ ነው።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ አንተ አጠገቧ ነበርክ። ምን ዓይነት ሳቅ ነበር?»

ምን ዓይነት ሳቅ ነበር! ከሰው ሁሉ መርጦ፣ ከጥያቄ ሁሉ መርጦ...

«ጓድ፣ ያላጣራሁትን አልናገርም። ሥራዬ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አጣራ። ለሚቀጥለው እሑድ በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ታደርጋለች። ካላደረገች ወደ ከፍተኛ ትተላለፋለች።»

ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እዚህ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ቢሮ ስደርስ ሀሰን በር ላይ ተቀምጧል። ጋሪውን ይዞ አልመጣም፤ በእግሩ ነው።

«ጋሼ፣ ሄጄ ልናገር?»

«ብትናገር ምን ይሉሃል?»

«መፈክር ለፈረስ አስተማረ ይሉኛላ። በአብዮቱ ቀለደ ይሉኛል።» እጁን አፍተለተለ። «ዝም ካልኩ እሷ ትሄዳለች። ከተናገርኩ እኔ እሄዳለሁ። ልጆቹን ሚስቴ በድሪያ ብቻዋን... እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

እውነቱን ከተናገርኩ ሰው ይታሰራል። ካልተናገርኩም ሰው ታስሯል።

ሸዋወርቅ ቀበሌው እስር ቤት ሄዳ ለዘመናይ ስንቅ አቀበለች። ጠባቂው ቀምሶ አስገባ። ዘመናይ በበሩ ክፍተት አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችው፤ «ስለ ፈረሱ ማንም እንዳያነሣ በሉልኝ።»

ሸዋወርቅ ይህን ስትነግረኝ ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ያቺ ቀጭን ልጅ! ማስቲካ እያኘከች ዜናዬን የምትተይብ...

የጽሕፈት መኪናዋ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ዜናውን በእጄ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ለሚስተር ማታይ ሁሉንም ነገርኩት።

«ካድሬው ስኒገር ነው ያየው» አለ። «አፍ ተሸፍኗል፣ ድምፅ ታፍኗል። ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ ምን ይመስላል?» ከዚያ ጠየቀኝ። «አንተ ጥርሷን አይተህ ታውቃለህ?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ... ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። የእንግዳ ክራቫት ቀለም የማይረሳ ሰው ነኝ። ጥርሷን አላየሁም። አንድም ቀን።

«የወንጂ ልጅ ናት አይደል?» አለ ማታይ። «እዚያ የውኃ ጉድጓዱ አንድ ነገር አለበት። የተወለዱት ልጆች ጥርሳቸው ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል። ታጥቦ አይለቅም። ልጆቹ ያፍራሉ።» ፈገግ አለ። «መጀመሪያ የተመደብኩ ቀን ቀልድ ነገርኳቸው። ክፍሉ በሙሉ እጁን አነሣ። እኔ ጥያቄ ያላቸው መስሎኝ ነበር። "አንተ ተናገር" እላለሁ፣ ማንም አይናገርም። ለካ እየሳቁ ነው!»

እሱም ሳቀ።

«ለዚያ ሳቅ እንግሊዝኛ ቃል የለውም» አለኝ። «ብዙ ፈልጌለታለሁ።»

ረቡዕ፣ ጥር 27

ወንጂ። ለዜና ብዬ ነው የወጣሁት። አውቶቡሱ ሸንኮራ አገዳው ውስጥ ሲገባ ዓለም አረንጓዴ ሆነ። ከፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ፣ ከእርሻው የተቃጠለ ቅጠል።

የዘመናይን አባት አቶ ነጋሳን ካምፕ ውስጥ አገኘኋቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ከሌሊት ፈረቃ ገብተው እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል።

«አካም ጅርቱ?» አሉኝ። ሰላምታውን አላጓደሉም። ሚስት፣ ልጆች፣ ጤና፣ ዝናብ... ከዚያ በኋላ ነው «ልጄስ?» ያሉት።

ነገርኳቸው። ስለ ፈረሱ ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ። ነጭ ጥርስ ነው ያላቸው፤ ሙሉ፣ ጠንካራ። ጥርሳቸውን ማየቴን አስተዋሉ።

«እኔ ከቦሰት ስመጣ ጥርሴን ይዤ መጣሁ» አሉ። «ልጆቼ ግን እዚሁ አበቀሉ።»

ዋስ የሚሆኑ ሰዎች ለእሑድ ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። «ሠራተኛ ይምጣ። ለላብ አደር ጆሮ ይሰጣሉ።»

«ፈረቃ የሌለበት ሁሉ ይመጣል» አሉ። «አብረዋት ያደጉት።»

ስወጣ ቦኖው ጋ ወጣት ሴቶች ባልዲ ይዘው ተሰልፈዋል። ነፋሱ ባርኔጣዬን ነጠቀና ጭቃው ውስጥ ከተተው። ሮጥኩ። ያዝኩት ስል አመለጠኝ። ቀና ስል... ሁሉም እጃቸው አፋቸው ላይ ነው። በአንድ ጊዜ፣ ሳይነጋገሩ፤ ያቺ ባልዲ የያዘች በግራዋ፣ ያቺ ልጅ ያዘለች በቀኟ። ድምፅ የለም። ዓይን ብቻ። ያ ሁሉ ዓይን ይስቃል!

ጭቃ የነካ ባርኔጣዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ገባሁ ተሰማኝ። ለምን? አላውቅም።

ከቦኖው ውኃ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ፣ ጥሩ ውኃ ነው። ምንም አያስታውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ነገ ምን እላለሁ? ሰው ለመሬት ይመሰክራል፣ ለጋብቻ ይመሰክራል። ለሳቅ እንዴት ይመሰከራል?

እሑድ፣ የካቲት 1

ከየት ልጀምር...

አዳራሹ ሞልቷል። ከሙቀቱ የተነሣ የኋላውን ትልቅ በር ከፍተውታል። ዘመናይ መድረኩ አጠገብ ቆማለች። ከስታለች፤ ፀጉሯን ግን አበጥራዋለች። የወንጂዎቹ ዘግይተው ደረሱ። ከአውቶቡስ ተራ በጋሪ ያመላለሳቸው ሀሰን ነው። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት። ካድሬው የፋብሪካውን ቱታ ሲያይ «ላብ አደሮች ወደፊት ይቀመጡ» ብሎ የፊተኛውን አግዳሚ አስለቀቀላቸው። አቶ ነጋሳ ዳር፣ ከዚያ ወጣቶቹ በተርታ።

መፈክር። እጆች ተነሡ።

«ወደፊት!»

ከኋላ የእንጨት ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ።

ቦራ። በሩ ላይ። ሀሰን ጋሪውን ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው ያቆመው። ፈረሱ እንደታዘዘው ወደፊት መጥቷል። አንገቱ አዳራሹ ውስጥ ገብቷል፤ ጋሪው በሩን አላልፍ ብሎ ተቀርቅሯል። ቆሞ ያየናል። እኛም እናየዋለን።

ማንም አልተነፈሰም። አንድ ሳምንት የታሰረች ልጅ እዚያ ቆማለች።

«ይሄ... የማነው?» አለ ካድሬው።

ሀሰን ተነሣ። ድምፁ ቀጥኗል። «የኔ ነው ጓድ።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ወደፊት ሲባል ሰምቶ ነው ጓድ። ወደፊት ሲባል ይሄዳል። ባለፈውም ሄዶ ነበር። ልጅቷ ያየችው እሱን ነው። ሌላ ያየችው የለም። እኔን እንዳይጎዳኝ ብላ ነው ዝም ያለችው።»

እንዲህ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

«ፈረስ መፈክር ያውቃል ልትለኝ ነው?»

«የነቃ ፈረስ ነው ጓድ።»

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ተነፈሰ። ካድሬው ፊቱ ቀላ።

«በል ወደኋላ በለውና አስወጣው!»

ሀሰን ፈረሱን አየ። አሰበ። እጁን እንደ ጥፋተኛ ዘረጋ።

«ወደኋላ አላስተማርኩትም ጓድ።»

መጀመሪያ ማን እንደጀመረ አላውቅም። ማንም ሊያውቅ አይችልም። መጋዘኑ ፈነዳ።

ለራሴ ስል በትክክል ልጻፈው። ከኋላ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ አግዳሚ የሚደበድብ። በግራ የሴቶች ቀጭን ቀጭን፣ ተያይዞ የሚንከባለል። አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ዘግተው ደረታቸው ብቻ ይዘላል። አንዲት ሴት እንደ ዶሮ ታሽካካለች። አንዱ ሳይስቅ ቆይቶ ቆይቶ ፍርስ አለ። ማታይ በረንዳው ላይ ያሳየኝ ሁሉ፣ እኔ ገበያ ለገበያ የለቀምኩት ሁሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር... እማማ አሰለፈች ስትስቅ አየሁ። ልጇ ስሙ በሰባ የተነበበው እዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቷ ተዘግቶ ነበር የኖረው። አሁን እንባዋ እየወረደ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ፣ ትንሰቀሰቃለች፤ ትስቃለች፤ ሁለቱንም። አጠገቧ ያሉት ደግፈዋታል፤ እነሱም ይስቃሉ።

ይሄ ሁሉ የት ነበር? እነዚያን ዓመታት ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ሳቁን ይዞት ነበር የሚገባው ማለት ነው? ደጅ አልጣለውም?

ከዚያ የፊተኛውን አግዳሚ አየሁ።

የወንጂ ልጆች። እጃቸው ሁሉ አፋቸው ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ሳይቀር። ወንዱም ሴቱም፣ ዘይት የነካው መዳፍም የታጠበውም። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ይፈካል፣ ድምፅ የለም። ዳር ላይ አቶ ነጋሳ ብቻ ነጭ ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ።

ዘመናይም መድረኩ አጠገብ፣ እጇ አፏ ላይ። ያው እጅ። ያው ሳቅ።

ተነሣሁ። ድምፄ መሰማቱን አላውቅም፤ ብቻ ተናገርኩ።

«ጓድ! አጣራ ብለኸኝ ነበር። አጣርቻለሁ። የጠየቅከኝ ሳቅ ይሄውልህ።» አግዳሚውን አሳየሁት። «ወንጂ የተወለደ ሁሉ እንዲህ ነው የሚስቀው። ውኃው ጥርሳቸውን ስለሚያጠቁረው ነው። የሚደብቁት ጥርሳቸውን ነው፤ ሌላ የደበቁት የለም።»

ካድሬው አግዳሚውን አየ። ዘመናይን አየ። እንደገና አግዳሚውን። የሆነ ነገር ፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁ። አፉ ተጣመመ። ፈጥኖ ጀርባውን ሰጠን፤ ግድግዳው ላይ ያለውን መፈክር የሚያነብ ይመስል። ትከሻው...

ጊግል። በትክክል። የኋላ ወንበር ልጅ ሳቅ።

ሲዞር ዓይኑ እርጥብ ነበር። ኮስተር ለማለት ሞከረ።

«ስብሰባው... ተበትኗል።»

«ልጄስ?» አሉ አቶ ነጋሳ።

«ትሂድ። ፈረሱም ይውጣ።»

ፈረሱን ለማስወጣት ከጋሪው መፍታት ግድ ሆነ። ሀሰን የእውነቱን ነው፤ ወደኋላ አያውቅም።

ስንወጣ እርስ በርስ አልተያየንም። የሠራነው ነገር ያስፈራን ይመስለኛል። እማማ አሰለፈች ብቻ ደጅ ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታስተካክል «ተመስገን» አለች። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ጓድ ኃይለየሱስ ቢሮ መጣ። ብቻውን።

«ስለ ትናንቱ ምን ጻፍክ?»

ወረቀቱን ሰጠሁት። «ስብሰባው በሞቀ ስሜት ተጠናቋል» ይላል።

ብዙ ጊዜ አየው። «በሞቀ... ይሁን» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጀርባዬን ስሰጥ... ታይቷል?»

«ምኑ ጓድ?»

ቆቡን አደረገ፤ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ «ደህና ይዋሉ» አለኝ። ይዋሉ አለኝ።

አሁን ነው የፈራሁት። ለእሱ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ከአርሲ ነገሌ ስመለስ አውቶቡስ ተራ ሀሰንን አገኘሁት። አልነኩትም። ሁለት ቀን ጠይቀውት ለቀቁት፤ ፈረሱን አዲስ ቃል እንዲያስተምር አስፈርመውታል።

«አሁን ምን ትለዋለህ?»

«ምንም። ልጓሙን ነካ አደርጋለሁ። አዝኗል፣ ቃል ይወዳል።»

«ያን ቀን ፊቱን ወደ በሩ አድርገህ ያቆምከው... ሳታስረው የቀረኸው...»

«ማሰር ረሳሁ ጋሼ።»

ወደ መንገዱ እያየ ሳቀ። እንደ ድሮው አልጮኸም። አፉን ዘግቶ ነው፤ ደረቱ ብቻ።

ቻክል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም። የሚጠይቅም የለም። አዲስ ይመጣል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ነፋሱ ቆሟል። ሰማዩ ዝናብ ያስባል።

ትርጉሙን ጨረስኩ። ሙሽራው ይፍለቀለቃል፣ አማቲቱ ታሽካካለች፣ ሰካራሙ ከት ከት ይላል፣ ቄሱ አፋቸውን ዘግተው ደረታቸው ይነቃነቃል። ማንም የሌላውን ሳቅ አልወሰደም። ሚስተር ማታይ አንብቦ «አሁን ሠርግ ሆነ» አለኝ።

ዘመናይ እንደገና ተየበችው። መጨረሻው ገጽ ላይ ሰካራሙ የሙሽራውን ባርኔጣ ድስት መስሎት ክዳን የሚፈልግበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ መኪናው ቆመ። ቀና አልኩ።

እጇ ተነሣ። መንገዱን ያውቀዋል። አገጯ ጋ ደረሰ... ቆመ። አየችኝ። አየኋት። እጇ ተመልሶ ወረደና መኪናው ላይ ተቀመጠ።

ጥርሷ ቡናማ ነው። ሊጠጥር ሲል ከእሳት የወረደ የተቃጠለ ስኳር ቀለም። የፊተኞቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበረው ይሄ ነው። ድምፁ ደግሞ ያላሰብኩት፣ ወፍራም፣ የአባቷ ድምፅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ተነቃነቀ።

እስክትጨርስ ጠበቅኩ። አላቋረጥኳትም።

አሁን ቤት ተቀምጬ ቃል ስፈልግለት አንድ ሰዓት ሆነኝ። በእንግሊዝኛው አጣሁ። በአማርኛው አጣሁ። ይኼኛውን እንዲህ ብዬ እተወዋለሁ።

ዘመናይ ሳቀች።